ያለቀ ጠገራ፣ የተበሳ ብር፦ በደሴና በኮምቦልቻ የድሮ ሳንቲም አመራረጥ

በደሴና በኮምቦልቻ የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ሰው እጁ የሚገባው አብዛኛው ፊቱ ያለቀ፣ የተበሳ ወይም የተፈተገ ነው። ይህ አይገርምም። እዚህ አገር ብር የኖረው ገበያ ላይና አንገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቲ፣ የአፋር አሞሌ ጨውና የደጋው እህል የሚገናኙባት የሰኞ ገበያ ናት። እንዲህ ባለ ገበያ ብዙ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ብር አዲስ መስሎ ቢገኝ ነው የሚያጠራጥረው።

በአካባቢው በብዛት የሚታየው ማርትሬዛ ነው፣ ጠገራ ብር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከሞተች በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። የመታችው ቪየና ብቻም አይደለችም። ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. መምቻውን ወደ ሮም አስወሰደ። ከዚያ ወዲህ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም መትተዋል። ስለዚህ “1780 ይላል” ብሎ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭ ሲያጋጥም ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው።

ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከክብደቱ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። በወርቅ ቤት የሚሠራበት ወቄትም ከዚሁ ከጠገራው ክብደት ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ወርቅ ቤት ጎራ ብሎ ማስመዘን ይቻላል። በእጅ ብዛት ያለቀ ብር ትንሽ ይቀላል። አንድ ግራምና ከዚያ በላይ የጎደለው ግን ጠርዙ ተሞርዶ ወይም ሐሰተኛ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል ያጠራጥራል።

ዋናው ነገር ማለቅንና መጎዳትን መለየት ነው። ማለቅ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ከፍ ያለው ቦታ ነው። ጠገራን ወደ መስኮት አዘንበል አድርጎ ማየት ነው፦ ከንግሥቲቱ ምስል ጆሮ በላይ ያለው ፀጉር፣ የትከሻ ጌጧ፣ በጀርባው ደግሞ የባለ ሁለት ራሱ ንስር ደረት። የቀድሞ ነጋዴዎችም የጌጧን ዕንቁዎች አይተው ነበር የሚቀበሉት፤ ዕንቁው የጠፋ ብር ፊት ይነሣ ነበር። ከፍ ያለው ሁሉ እኩል ለስልሶ፣ ጎድጎድ ባለው በኩል ጥቁረት ከቀረ ማለቁ ተፈጥሯዊ ነው። ከፍ ያለው ደህና ሆኖ ጠፍጣፋው ሜዳ ብቻ ከተቧጠጠ ግን አንድ ሰው ነካክቶታል። የዓለም ሰብሳቢዎች ይህን ሁሉ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ይገልጹታል። ለጀማሪ ግን ቁጥሩ አይጠቅምም፤ ዓይን ይበልጣል።

ጠርዙም ብዙ ይናገራል። እውነተኛው ጠገራ ዙሪያውን ከፍ ያለ የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለው። በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ የስፌት መስመር፣ ፊቱ ላይ የአየር ጉድጓድ ያሳያል። በጣት ጫፍ ይዞ በእርሳስ ቆጭ ማድረግም ይቻላል፤ ደህናው ብር ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀና ብየዳ የነካው እውነተኛ ብርም ቢሆን ድምፁ ይታፈናል፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ አይፈረድም።

የወሎ ነገር ቀዳዳው ነው። ሴቶች ጠገራን በማተብ ወይም በጨሌ መሃል ያንጠለጥሉ ነበር፤ ለዚህም ይበሳል ወይም ከአናቱ የማንጠልጠያ ጆሮ ይበየድበታል። በውጭ ገበያ የተበሳ ብር ዋጋው ወርዶ ወደ ብረቱ ዋጋ ይጠጋል። እኔ ግን የወሎ ስብስብ አንድ እንኳ የተበሳ ጠገራ ከሌለው ጎደሎ ነው እላለሁ። ጭራሽ የማይወደደው ቀዳዳው ተደፍኖ “ደህና ነው” ተብሎ የሚሸጠው ነው። ድፍኑ በቀለም ይለያል፣ በዚያ በኩል ያሉ ፊደላትም ይቆራረጣሉ። ጆሮው የተነቀለ ከሆነ ደግሞ ከራሷ በላይ ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ ይቀራል።

የምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. ነው የጀመረው፣ በፓሪስ ተመትቶ። ሕዝቡ ጠገራውን ስለለመደ ገበያው ቶሎ አልተቀበለውም። ከስሩ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ግርሽ አሉት። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ስለተጻፈ ሲያልቅ ለማንበብ ያስቸግራል። አንድ ብሩ ላይ ግን አንበሳው ይረዳል፦ በቀደሙት የፊት ግራ እግሩን አንሥቷል፣ በኋለኞቹ ቀኙን። ዓመቱ ቢጠፋ እንኳ እግሩ ብዙ ጊዜ ይታያል።

የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በ1936 ዓ.ም. የወጡ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመቱም ዓመቱ አልተቀየረም። እዚህ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ጉዳይ አለ። የመዳቡ ስሙኒ (ሃያ አምስት ሳንቲም) መጀመሪያ ክብ ነበር። ሰዎች ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ (የብር ሃምሳ ሳንቲም) ማሳለፍ ጀመሩ። ስለዚህ ተሰብስቦ ጠርዙ ሞገድ ሆኖ ተቆረጠ። ክቡ ስሙኒ ዛሬ እምብዛም አይገኝም፤ ፊቱ ያለቀም ቢሆን አይናቅም። ሞገድ ያለው ግን ሞልቷል፤ እሱን ጥሩውን እስኪያገኙ መጠበቅ ነው።

ከማለቅና ከመበሳት ይልቅ ብዙ ሳንቲም የሚያበላሸው ማጠብ ነው። ሻጩ ደንበኛ የሚያብለጨልጭ ይወዳል ብሎ በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ይፈትገዋል። ብሩ ነጭ ይሆናል፣ ግን ፊቱ ላይ ባንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጭን ጭረቶች ይሞላሉ። ጥቁረቱ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፣ ጭረቱ አይጠፋም። አፈር ካለበት በንጹሕ ውሃ ነክሮ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ ይበቃል።

የአክሱም ሳንቲም ቢቀርብ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዳንዶቹ የነሐስና የብር ሳንቲሞች ላይ ቀጭን ወርቅ ተለብጧል፤ አንድ ፍትጊያ ያጠፋዋል። ቅርስም ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም። በመዳብና በነሐስ ላይ የሚታይ ጠንካራ አረንጓዴ ልባስ አያስፈራም። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ከሆነ ግን ብረቱን እየበላው ነው። የደሴ ጉምና እርጥበት ያባብሰዋል፤ ለብቻው በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። በለስላሳ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ አይደረግ፣ ፕላስቲኩ ራሱ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተዋል።