ወሲባዊ ማንነትን የመገንባት ሂደት ምንድን ነው? የቻይና ሌዝቢያኖች እንደ አብነት

ወሲባዊ ማንነትን የመገንባት ሂደት የሚባለው አንድ ሰው ወደ ማን እንደሚሳብ መጠርጠር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ያንን የራሱ አካል አድርጎ እስኪቀበል ድረስ የሚያልፍበት የሥነ ልቦና ጉዞ ነው። አውስትራሊያዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቪቪየን ካስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ሞዴል ጉዞው ስድስት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ ከግራ መጋባት ይጀምርና ማንነቱ ከቀረው ሕይወት ጋር ሲዋሐድ ያበቃል። በዚህ አካሄድ ራስን ለሌሎች መግለጥ የብስለት ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ቻይና ውስጥ ግን ይህ መለኪያ ለሌዝቢያኖች፣ ማለትም ሴትን ለሚያፈቅሩ ሴቶች፣ በቀላሉ አይሠራም።

ችግሩ በዋናነት ከወንጀል ሕግ የሚመጣ አይደለም። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ይቀጡበት የነበረው የዱርዬነት ወንጀል በ1997 ከሕጉ ወጥቷል፤ በ2001 ደግሞ የአገሪቱ የአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ተመሳሳይ ጾታን መውደድ በራሱ ሕመም ነው ማለቱን ትቷል። ከባዱ ጫና ያለው ቤት ውስጥ ነው። ማግባትና ዘር መተካት ለወላጅ የሚከፈል ውለታ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የአንድ ልጅ ፖሊሲ እስከ 2015 በመዝለቁም ብዙዎቹ ሴቶች የወላጆቻቸው ብቸኛ ልጆች ናቸው። በሻንጋይ የሕዝብ መናፈሻ በየሳምንቱ መጨረሻ ወላጆች የልጆቻቸው ዕድሜ፣ ቁመት፣ ትምህርትና ደመወዝ የተጻፈበትን ወረቀት በተዘረጋ ጃንጥላ ላይ ለጥፈው አማች ይፈልጋሉ፤ ልጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቦታው የሉም።

ከዚህ ጫና ለማምለጥ አንዳንዶች «ሺንግሁን» የሚባለውን የይስሙላ ጋብቻ ይመርጣሉ፤ አንዲት ሌዝቢያን ከአንድ ግብረ ሰዶማዊ ወንድ ጋር ተስማምታ ትዳር ትመሠርታለች፣ ለበዓል አብረው ወላጅ ይጠይቃሉ፣ በቀረው ጊዜ ግን እያንዳንዳቸው ከፍቅረኛቸው ጋር ይኖራሉ። መፍትሔው የሚሰምረው፣ በእኔ ግምት፣ አያቶች የልጅ ልጅ መጠየቅ እስኪጀምሩ ድረስ ነው።

የአእምሮ ደኅንነትን በተመለከተ፣ የኅብረተሰቡን ንቀት ወደ ውስጥ ወስዶ ራስን መጥላት ከድባቴና ከጭንቀት ጋር እንደሚያያዝ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ጎጂው ይህ ራስን መጥላት ከሆነ፣ ለእናቷ ያልተናገረችን ሴት ገና ያልበሰለች አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይመስለኛል፤ ራሷን ተቀብላ፣ በወዳጆቿ ተከብባ፣ ዝምታውን አስባበት የመረጠች ልትሆን ትችላለች። ጋብቻ በሕግ ባይፈቀድላቸውም፣ ከ2017 ወዲህ ማንኛውም አዋቂ ሞግዚቱን፣ ማለትም ራሱ መወሰን ሲያቅተው የሚወስንለትን ሰው፣ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲመርጥ ስለተፈቀደ፣ አንዳንድ ጥንዶች በውል አዋዋይ ፊት ቀርበው አንዳቸው ሲታመሙ ሌላኛዋ ስለ ሕክምናው እንድትወስን ይፈራረማሉ።