አንድ ካርድ፣ ሁለት አድራሻ

ደሴ ላይ አንድን ሰው እናቱ በአንድ ስም፣ ሰፈሩ በሌላ ስም ይጠራዋል። ሰውየው ግን ያው ነው። ኮምፒውተርን ከኔትወርክ የሚያገናኘው የኔትወርክ ካርድም እንደዚያ ነው። ሊኑክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ አንድ ካርድ ብዙ አይፒ አድራሻ (ኮምፒውተር በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይይዛል፤ ሌላ ካርድ መግዛት አያስፈልግም።

ሰው የሚደናገረው ከካርዱ ስም ከ«ኢቲኤች0» ሌላ «ኢቲኤች0:1» የሚል ስም ሲያይ ነው። ሁለተኛ ካርድ ይመስለዋል። አይደለም። የድሮው «አይኤፍኮንፊግ» ትእዛዝ በአንድ ስም አንድ አድራሻ ብቻ ስለሚያሳይ የተለጠፈ ቅጽል ስም ነው። አዲሱ «አይፒ» ትእዛዝ ያለዚህ ጣጣ አድራሻውን እዚያው ካርድ ላይ ይደርበዋል።

ኮምቦልቻ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሩ 192.168.1.10 ነበር፤ አሮጌው ፕሪንተር ደግሞ 192.168.0.20። በተለያየ ሳብኔት፣ ማለትም በተለያየ የኔትወርክ ክፍል ስለሆኑ አይተዋወቁም። ለኮምፒውተሩ ከፕሪንተሩ ሳብኔት 192.168.0.50/24 ጨመርኩለት፤ «/24» ማለት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሳብኔቱን ያሳያሉ ማለት ነው። ቡናው ሳይፈላ ወረቀት ወጣ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን አድራሻው የለም! በትእዛዝ የጨመርከው ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። እንዲዘልቅ ከፈለግክ የኔትወርክ ቅንብር ፋይሉ ውስጥ ጻፈው። እኔ ረስቼው ነበር፤ ተመልሼ ሄድኩ።

ሌላ ወጥመድ አለ። ሁለቱ አድራሻዎች የአንድ ሳብኔት ከሆኑ፣ መጀመሪያ የገባው ዋና፣ ቀጣዩ ተከታይ ይባላል። ዋናውን ስትሰርዝ ተከታዩም አብሮት ሊጠፋ ይችላል። «ፕሮሞት ሴኮንደሪስ» የሚባለው ቅንብር ከበራ ግን ተከታዩ ቦታውን ይረከባል። ከርቀት ገብተህ የምትሠራ ከሆነ ይህን ሳታይ ዋናውን እንዳትነካ።