የልዩ ተሰጥዖ ልየታ ምንድን ነው?

«በክፍልዎ ካሉት ተማሪዎች መካከል ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው እነማን ናቸው?» የሚል ቅጽ ለአንዲት መምህርት ይሰጣታል። አርባ ልጆች ፊቷ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የምትጽፈው የማንን ስም ነው? ብዙ ጊዜ ደብተሩ ንጹሕ የሆነውን፣ የቤት ሥራውን የማያጓድለውን፣ ሲጠየቅ ሳይደናገር የሚመልሰውን ልጅ ነው። ጥግ ይዞ የተቀመጠው፣ ሒሳቡን በቃሉ ሠርቶ አሠራሩን መጻፍ የሚሰለቸው፣ «ለምን?» እያለ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ልጅ ግን ስሙ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። መምህርቷ አድልታ አይደለም። የተጠየቀችው ስለ ተሰጥዖ ሆኖ ሳለ በየዕለቱ ዓይኗ ሥር ያለው ጉብዝና ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

የልዩ ተሰጥዖ ልየታ የሚባለው ሥራ በብዙ ቦታ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ቅጽ ነው። መደበኛው ትምህርት በሚሄድበት ፍጥነትና ጥልቀት ብቻ ቢማሩ አቅማቸው ታፍኖ የሚቀር ተማሪዎችን ፈልጎ ማግኘት ልየታ ይባላል። ከተገኙ በኋላ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማውን ትምህርት መርጦ እዚያ ማስገባት ደግሞ ምደባ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ እንደ መግቢያ ፈተና ያያቸዋል። ፈተናው ግን የሂደቱ መሐል ነው። ከእሱ በፊት «ማን ይፈተን?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ «ላለፈው ልጅ ምን ይሰጠው?» የሚል። እኔ እንደማምነው ብዙ ልጆች የሚጠፉት ፈተናው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ነው።

መለኪያው ራሱ የተወለደው ለሌላ ዓላማ ነበር። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የአእምሮ ብቃት መለኪያ ሲያዘጋጅ የፈለገው በትምህርት ወደኋላ የሚቀሩና እገዛ የሚሹ ልጆችን መለየት ነበር። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን መለኪያውን አሻሽሎ በ1916 አወጣና ፊቱን ወደ ሌላኛው ጫፍ አዞረው። በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነጥባቸው እጅግ ከፍ ያለ 1,500 ያህል ልጆችን እየመረጠ ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት ጀመረ። ልጆቹን ለማግኘት መምህራን በጣም ብሩህ የሚሏቸውን ተማሪዎችና በክፍሉ በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰውን ልጅ እንዲጠቁሙ አደረገ። ውጤቱ ሲታይ የመምህሩን አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ መዝገብ ከፍቶ ትንሹን ልጅ መፈለግ የተሻለ መንገድ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ልጅ ከታላላቆቹ እኩል ተቀምጦ መማሩ በራሱ ምልክት ነበርና። ይህ ከመቶ ዓመት በፊት ታውቆ ሳለ ዛሬም በብዙ ቦታ የመጀመሪያው በር የመምህር ጥቆማ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በዚያው ጥናት ተፈትነው ነጥባቸው ሳይበቃ የቀሩ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ። ሁለቱም አድገው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ሾክሊ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968። ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች «ፈተና ዋጋ የለውም» ለማለት ይጠቀሙበታል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። የሚያሳየው ነገር አንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቁጥር ልጅን መዝጋት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነው።

ወደ ጥቆማው እንመለስ። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። በአንድ አካባቢ ልዩ ትምህርት የሚገባቸው 100 ልጆች አሉ እንበል። መምህራን 60ዎቹን ጠቆሙ። ፈተናው ጥሩ ስለሆነ ከተጠቆሙት አምስት አምስት ልጆች አራቱን በትክክል ለየ። በመጨረሻ የተገኙት 48 ናቸው፤ ከግማሽ በታች። ፈተናውን ፍጹም ብናደርገው እንኳ ከ60 አያልፍም። አርባዎቹን ያስቀራቸው የፈተናው ጥራት አይደለም፤ ፈተናው ፊት አለመቅረባቸው ነው። የወላጅ ጥቆማም ቢታከልበት ጉድለቱ አይሞላም። ስለ ፕሮግራሙ የሰማ፣ ማመልከቻ መጻፍ የሚችል፣ ቢሮ ለቢሮ ለመመላለስ ጊዜ ያለው ወላጅ ልጁን ያስመዘግባል፤ የሌላው ልጅ ስሙን የሚያነሳለት አያገኝም።

ጥናትም ይህን ይደግፋል። ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ በ2016 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ጥቁር ተማሪዎች በፈተና ውጤታቸው ከነጭ እኩዮቻቸው ጋር እኩል ሆነው ሳለ ወደ ልዩ ተሰጥዖ ፕሮግራም የመግባት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። የሚያስተምራቸው መምህር ጥቁር ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠባል። የልጁ አእምሮ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

መፍትሔው በስሙ ቀላል ነው፦ ሁሉን አቀፍ ልየታ። በአንድ የክፍል ደረጃ ያሉ ተማሪዎች በሙሉ፣ ማንም ሳይጠቁማቸው፣ አጭር የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ይወስዳሉ። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ወደ ሙሉው ምርመራ ይሄዳሉ። በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው የብሮዋርድ ካውንቲ የትምህርት አስተዳደር በ2005 ይህን ሥርዓት ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጀመረ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች መረጃውን አጥንተው በ2016 ያወጡት ግኝት ግልጽ ነው። የማለፊያው መስፈርት አንድ ነጥብ እንኳ ዝቅ ሳይል፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ፣ የጥቁርና የሂስፓኒክ ተማሪዎች ተሳትፎ በከፍተኛ ደረጃ ጨመረ። እነዚህ ልጆች ዱሮም መስፈርቱን የሚያሟሉ ነበሩ፤ ማንም አልፈተናቸውም እንጂ። ወደዚህ ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ፈተናው። በሥነ ልቦና ባለሙያ ለአንድ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው የአይኪው (የአእምሮ ብቃት) ፈተና አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት 130 የሚለው መቁረጫ ነጥብ ከመቶ ልጆች ሁለቱ ያህል ብቻ የሚደርሱበት ነው። ነገር ግን ማንኛውም ፈተና ስሕተት አለው። ዛሬ 129 ያገኘች ልጅ በሌላ ቀን፣ ተኝታ ባደረች ቀን፣ 132 ልታገኝ ትችላለች፤ 131 ያገኘውም 127 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በ129ና በ130 መካከል እውነተኛ ልዩነት የለም። ልዩነቱን የፈጠረው መስመሩ ነው። መስመር ማስመር የግድ ቢሆንም፣ ለመስመሩ የቀረቡትን ልጆች እንደገና የሚያይ ሰው መኖር አለበት።

የፈተናው ቋንቋም አለ። ትምህርት ቤቱ በሚያስተምርበት ቋንቋ አፉን ያልፈታ ልጅ በቃላት ጥያቄ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህ ተብለው በቅርጽና በንድፍ ብቻ የሚጠይቁ ፈተናዎች ተሠርተዋል፤ በ1938 የወጣው የሬቨን ፈተና ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ይረዳሉ፤ ግን ሁሉን አይፈቱም። ቅርጽ በማዛመድ የተመረጠ ልጅ ረጅም ድርሰት ወደሚጻፍበት ክፍል ቢገባ የተለካበትና የሚማረው አልተገናኙም። ወደ ምደባው ስንደርስ ይህ ጉዳይ እንደገና ይነሳል።

ሌላው ችግር ጣሪያ ነው። የክፍሉን ፈተና ከመቶ መቶ የሚያመጡ ሁለት ልጆች አሉ እንበል፤ አንዱ ክፍሉን ጠንቅቆ ያወቀ፣ ሌላዋ ሦስት ክፍል ያለፈች። ወረቀቱ ሁለቱንም መቶ ይላቸዋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ጁሊያን ስታንሊ በ1972 ይህን በቀላል ዘዴ ፈታው፦ ለኮሌጅ መግቢያ የሚሰጠውን ኤስኤቲ የሒሳብ ፈተና አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ለሆናቸው ልጆች ሰጠ። በክፍላቸው ፈተና እኩል የሚመስሉ ልጆች በሰፊው ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ ኮሌጅ ከሚገቡት በልጠው ተገኙ። ከደረጃ በላይ መፈተን የሚባለው ይህ ነው። በጣም የላቀ ልጅ ያለው መምህር ሌላ ምንም ሳያስፈልገው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሰጠውን የማጠቃለያ ፈተና አውጥቶ ቢሰጠው ብዙ ይማርበታል።

አንድ ፈተና አይበቃም ከተባለ ብዙ መረጃ ይሰብሰብ ይባላል። ትክክል ነው። ግን መረጃው የሚጣመርበት ደንብ ራሱ ልጆችን ይመርጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። «የአይኪው ነጥብ እና የክፍል ውጤት እና የመምህር ምዘና ሁሉም ከፍ ይበሉ» ከተባለ፣ እያንዳንዱ «እና» አንድ ተጨማሪ መሰናክል ነው። በአንዱ ያነከሰ ልጅ ይወድቃል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት በሁሉም ነገር ደህና የሆኑት ናቸው። «ወይም» ከተባለ ደግሞ በሩ ይሰፋል፤ ከተሰጥዖ ይልቅ በዕድል የሚገቡም ይኖራሉ። የሁሉንም አማካይ መውሰድ የሚባል መካከለኛ መንገድም አለ፤ የአንዱ ፈተና ስሕተት በሌላው ስለሚቻቻል ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። የትምህርት ቤት ኮሚቴ «ብዙ መስፈርት እንጠቀማለን» ሲል ሊጠየቅ የሚገባው ነገር በ«እና» ነው ወይስ በ«ወይም» የሚለው ነው።

ከማን ጋር ይወዳደር የሚለውም አለ። መቁረጫ ነጥቡ ከመላ አገሩ ልጆች ጋር ሲለካ አንዳንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ ልጅ ያስገባል፤ ሌላው አንድም አያስገባም። በየትምህርት ቤቱ ከፍተኛውን አምስት በመቶ ውሰዱ ከተባለ ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ልጆች ያገኛል። የልየታው ዓላማ ሜዳሊያ መስጠት ቢሆን የመጀመሪያው ያስኬዳል። ዓላማው ክፍሉ የጠበበውን ልጅ መርዳት ከሆነ ግን ማወዳደሪያው አጠገቡ የተቀመጡት ናቸው፤ መምህሩ ትምህርቱን የሚመጥነው ለእነሱ ነውና።

ተሰጥዖና የመማር እክል በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ልየታው ይበልጥ ይከብዳል። የማንበብ ችግር ያለበት ብሩህ ልጅ ብሩህነቱ ችግሩን ይሸፍንለታል፤ ችግሩም ብሩህነቱን ይሸፍነዋል። ከውጭ ሲታይ መካከለኛ ተማሪ ይመስላል። እንዲህ ያለ ልጅ በጠቅላላ ነጥብ ፈጽሞ አይገኝም። የፈተናውን ክፍሎች ለየብቻ ማየት፣ አንዱ ጫፍ ላይ ሌላው ሥር ሆኖ ሲገኝም ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል።

ምደባው ላይ ስንደርስ ዋናው ነገር የተለካውና የሚሰጠው መግጠማቸው ነው። ጆሴፍ ሬንዙሊ በ1978 ተሰጥዖ ማለት ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ ፈጠራና ለሥራ መጽናት ሲገናኙ የሚታይ ነገር ነው ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች «ማን ነው ተሰጥዖ ያለው?» ከማለት «በምን?» ማለት ጀምረዋል። በሒሳብ የራቀች ልጅ የሚያስፈልጋት ከፍ ያለ ሒሳብ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከክፍል እየወጣች ስለ ሌላ ርዕስ ብትወያይ ደስ ሊላት ይችላል፤ የሒሳብ ረሃቧ ግን አይታገሥም። ለእሷ በሒሳብ ሰዓት ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል መሄድ ይበቃታል። በሁሉም ትምህርት የራቀው ልጅ ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት አጥፎ ቢያልፍ ይጠቀማል። ክፍል ማጠፍ ልጅን ከእኩዮቹ ነጥሎ ይጎዳል የሚል ፍርሃት በወላጆች ዘንድ ጠንካራ ነው፤ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተጠራቀመው ጥናት ግን በጥንቃቄ ለተመረጡ ልጆች በአማካይ እንዲህ ያለ ጉዳት አያሳይም። ቢያንስ አምስት ስድስት ብርቱ ልጆችን በአንድ ክፍል አሰባስቦ ለሠለጠነ መምህር መስጠትም ይቻላል፤ ወጪው ትንሽ ነው።

ዕድሜም ምደባን ይወስናል። የኒውዮርክ ከተማ እስከ 2021 ድረስ የአራት ዓመት ሕፃናትን ትፈትን ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የሚለካው አብዛኛው ነገር ቤት ውስጥ የተነበበላቸውና ፈተናውን ቀድመው የተለማመዱት ነው። ሲንጋፖር በ1984 በጀመረችው ፕሮግራም ልጆችን በሦስተኛ ክፍል ፈትና አንድ በመቶ ያህሉን በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ትሰበስብ ነበር። በ2024 ይህ እንደሚለወጥና ልጆቹ በያሉበት ትምህርት ቤት እንዲያድጉ እንደሚደረግ አስታወቀች። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር፣ በየትኛውም ዕድሜ ይሁን፣ ዘግይቶ የሚያብበውን ልጅ ውጭ ያስቀረዋል። በየሁለት ዓመቱ እንደገና ማየት ለዚህ ይጠቅማል።

የብሮዋርዱን ታሪክ እንጨርስ። ሁሉንም ልጆች መፈተን ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያውን ነጥብ ያለፉትን የሚመረምሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ያስፈልጋሉ። የኢኮኖሚ ቀውሱ መጥቶ በጀቱ ሲቆረጥ ሥርዓቱ ተቋረጠ፤ ሥራው ወደ መምህራንና ወደ ወላጆች ጥቆማ ተመለሰ። የድሆቹ፣ የጥቁርና የሂስፓኒክ ልጆች ቁጥርም ተመልሶ ወረደ።