የሙቀት ምት በጎጃም ቆላ፦ ደም ዝውውር ሲዳከም፣ ሰውነት ሲቆጣ

ጎጃም ሲባል ብዙ ሰው ደጋው ነው የሚታየው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስም ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ አላት። ግን አገሩን ዓባይ ዞሮታል፤ ወደ ዓባይ የወረደ ሁሉ በረሃ ይገባል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ብቻ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ላይ በየዓመቱ ብዙ የጎጃም ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሰጉት ለዚህ ነው።

የሙቀት ምት የሚባለው የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ አእምሮን ሲያውክ ነው። ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያንቀጠቅጠዋል ወይም ራሱን ይስታል። ቆዳው ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሥራ ላይ እያለ የተመታ ሰው ግን በላብ እንደተነከረም ሊወድቅ ይችላል። «እያላበው ነው፣ ደህና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ ይገፋል። ላቡ ደግሞ ውሃና ጨው ይጨርሳል። ስለዚህ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይሮጣል፣ አንጀትና ኩላሊት ደም ያጥራቸዋል። ደም ያጣው አንጀት ግድግዳው ይላላል፤ የባክቴሪያ መርዝ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። በሙቀቱ ላይ ይሄ ሲጨመር የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ይቆጣል፤ ቁጣውም መላ ሰውነት ውስጥ ይሰራጫል። የደም ሥሮች ፈሳሽ ማፍሰስ ይጀምራሉ። ደም በጥቃቅን ሥሮች ውስጥ ይረጋል፤ ማርጊያው ሲያልቅ ደግሞ መድማት ይመጣል። ለዚህ ነው በጽኑ የታመመ ሰው ሁኔታ ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ የገባበትን ሰው የሚመስለው።

ይሄን የሰውነት ቁጣ ለይቶ የሚያበርድ፣ ውጤቱ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። በሌላ በሽታ ቁጣ የሚያበርደው ስቴሮይድም መደበኛ ሕክምናው ውስጥ አልገባም። ቁጣውንም የደም ዝውውሩንም ከሁሉ በላይ የሚረዳው ሰውነቱን ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። ግቡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ወደ 39 ዲግሪ አካባቢ ማውረድ ነው። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ሕክምና ቦታ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀመረው እዚያው ሰውየው የወደቀበት ቦታ ነው። አንዱ ለመኪና ወይም ለአምቡላንስ ይሩጥ፤ ሌላው ውሃ ያፍስስ።

ምርጡ ዘዴ ገላውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ገንዳ ከሌለ ሸራ ይበቃል። ሰውየውን ሸራው ላይ አስተኝቶ ጠርዙን ዙሪያውን ከፍ አድርጎ መያዝና ያለውን የጀሪካን ውሃ ሁሉ ገላው ላይ አፍስሶ ማንቀሳቀስ ነው። ጭንቅላቱን አንድ ሰው ከውሃው በላይ ይያዝ። ውሃ ካነሰ ልብሱን አውልቆ፣ ነጠላ አርሶ ማልበስ፣ ደጋግሞ ማራስና ሳያቋርጡ ማራገብ። መንገድ ላይም ቢሆን አይቆምም።

እዚህ ላይ ስለ ምች መናገር ግድ ይላል። ፀሐይ የመታው ሰው ሲያተኩሰው ዳማከሴ ማጠጣትና ተሸፋፍኖ እንዲያልበው ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። የሙቀት ምት ለያዘው ሰው ግን መሸፈንና መታጠን ሙቀቱን ያባብሰዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ዳማከሴም ይሁን ውሃ በአፉ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ፓራሲታሞልና አስፕሪንም አይሠሩም። ይሄ እንደ ተራ ትኩሳት ከአንጎል የታዘዘ ሙቀት አይደለም። መድኃኒቶቹ ጉበትን መጉዳትና መድማትን ማባባስ ግን ይችላሉ።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሙቀቱ በፊንጢጣ ይለካል፤ የብብት ልኬት ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በቆላ ትኩሳት ሲታይ ወባ መታሰቡ ትክክል ነው። የአንጎል ወባና ማጅራት ገትር ከዚህ ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። የወባም የስኳርም ምርመራ ይደረግ፤ ማቀዝቀዙ ግን ውጤት አይጠብቅም። ለወረደው የደም ግፊት ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። በብዛት መልቀቅ ግን ሳንባን በፈሳሽ ሊሞላ ይችላል፤ እያዩ፣ ሽንቱን እየለኩ ነው። አንዳንዴ ግፊቱ የሚመለሰው ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ከቆዳ የተመለሰው ደም ወደ ልብ ይደርሳልና። ቀዝቅዞም ፈሳሽ ተሰጥቶትም ግፊቱ ካልተነሳ እንደ ኖርኤፒነፍሪን ያሉ የደም ሥር ማጥበቂያዎች ይጀመራሉ። ለመንቀጥቀጥ ዳያዜፓም ይሰጣል። 39 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማቀዝቀዙ ይቆማል፤ አለዚያ ከልክ በላይ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ታካሚ ጽኑ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት፣ መላክ አለበት። ነቅቶ ቢያወራም ወዲያው ወደ ቤት አይሸኝም። የጉበት ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። ጥቁር ሻይ የመሰለ ሽንት ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊቱን እየጎዳ መሆኑን ይናገራል። የኩላሊት፣ የጉበትና የደም መርጋት ምርመራዎች መደጋገም ያለባቸው ለዚህ ነው። ድኖ የወጣም ሰው ለሳምንታት ሙቀት አይችልም። አጨዳው ቢያጓጓውም ወደ ቆላው የሚመለሰው የደም ምርመራው ንጹሕ ከሆነ በኋላ፣ ሥራውንም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ነው።