ከሐዋሳ ባሌ ተራሮች በሚኒባስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሦስት ቀን ዕረፍት ላገኘ የሐዋሳ ሰው ባሌ ሩቅ አይደለም። ጉዞውን የሚያበላሹት ሲወሩ የኖሩ ጥቂት ግምቶች ናቸው።

«ኮንትራት ካልተያዘ አይደረስም»
ይደረሳል። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሚኒባስ አይጠፋም። ከዚያ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ሮቤ የሚሄደውን ይዞ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ መውረድ ነው። መኪናው ሲሞላ ስለሚነሳ ሐዋሳ መናኸሪያ 12 ሰዓት ማለዳ ይገኙ፤ ረፋድ ላይ የደረሰ ግማሽ ቀኑን ወንበር እስኪሞላ ሲጠብቅ ይውላል። ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ለረዳቱ «ዲንሾ ወራጅ ነኝ» ይበሉት። የሮቤን ሙሉ ታሪፍ ከጠየቀም ክርክሩን እዚያው ይጨርሱ። ቦርሳው ጣሪያ ላይ ሊጫን ስለሚችል ልብስዎን አስቀድመው በፌስታል ይጠቅልሉ።

«መመለሻው ቀላል ነው»
ከሮቤ የሚነሱት መኪኖች ሞልተው ነው ዲንሾን የሚያልፉት። መንገድ ዳር እጅ ሲያውለበልቡ ከመዋል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ሄዶ ሮቤ ማደርና ማለዳ ከመነሻው ወንበር መያዝ ያዋጣል።

«ስፖርተኛን ከፍታ አይነካውም»
ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ዲንሾ ከ3,000 በላይ፣ የሳነቴ አምባ 4,000 ገደማ፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ናቸው። የከፍታ ሕመም ጡንቻ አይመርጥም፤ እንዲያውም ጉልበተኛው ስለሚቸኩል ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል። የመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ ይደር። መግቢያውም እዚያው በፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ይከፈላል፤ የደጋ አጋዘን የሚታይበት የጋይሳይ ሜዳም ቅርብ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መውጣት ይቁም። መንገዳገድ ወይም መዘባረቅ ከታየ በሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ሳነቴ ላይ ድንኳን ባይተክል እንመርጣለን። ቀይ ቀበሮ ለማየት ቀን ወጥቶ ከሮቤ ቀጥላ ወዳለችው ጎባ መመለስ ይበቃል። ከጎባ ዶሎ መና የሚሄደው መኪና አምባውን አቋርጦ ያልፋል፤ ችግሩ የመመለሻው ነው። ኮንትራት መያዝ ገንዘብ ማባከን የማይሆነው ለዚህች ቀን ነው።

«በጋ ነው፣ ጋቢ ይበቃል»
ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሐዋሳ 28 ሲሆን ሳነቴ 14 ቢሆን ነው፤ ያውም ቀን። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው፦ ካፊያ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በማግስቱም አይደርቅም። ለመኝታ ይቀመጥ፤ ለእግር ጉዞ የሱፍ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት ይያዙ።

«አረቄ ያሞቃል»
ቆዳን ብቻ። ሰውነት ውስጡ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

«ምስር ይዘን እንቀቅላለን»
4,000 ሜትር ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ምስሩ ሳይበስል ጋዙ ያልቃል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይሻላሉ። የጭኮው ቅቤ በብርድ ስለሚጠጥር ከቤት ሳይወጡ በጉርሻ ልክ ይከፋፍሉት።