«ካት ላብ ወዳለበት ውሰዷቸው»

ቱሉ ዲምቱ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ጎረቤታችን ጋሼ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ ላብ አጠመቃቸው። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) አንስቶ ካት ላብ ወዳለበት ሪፈር ጻፈ። ልጃቸው «ታዲያ ይሄ ሆስፒታል አይደለም እንዴ?» አለ። አይፈረድበትም።

በከባድ ሃርት አታክ የልብ ደም ስር በረጋ ደም ይዘጋል። ካት ላብ ማለት በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የሚከፍቱበት ክፍል ነው። ሁሉም ሆስፒታል የለውም። በ120 ደቂቃ ውስጥ እዚያ ደርሶ ማስከፈት ካልተቻለና ሕመሙ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ይቀድማል። ደም ሊያፈስ ስለሚችል ግን ለሁሉም አይሰጥም። ስለዚህ መኪናው ሳይነሳ ሐኪሙን ጠይቁት፦ «መርፌው እዚህ አለ? የምንሄድበት ካት ላብ አሁን ይሠራል? ደውላችኋል?»