የተፈጥሮ ጋዝ በጣና ዳርቻ፦ ከምድጃ እስከ ማሳ

ባሕር ዳር ውስጥ ሱቅ ገብቶ «ጋዝ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀዳለት ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ ነው። ለፋኖስና ለኩራዝ የሚያገለግለው ይህ ፈሳሽ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ሲሆን፣ ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ጋዝ አይደለም። በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጠው ቡታጋዝ ደግሞ በግፊት ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ከሁለቱም ይለያል፤ ከመሬት በታች በዐለት ንጣፎች ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኝ፣ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን የሆነ፣ ከሚቴኑም ጋር ኢቴን፣ ፕሮፔን፣ ቡቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን በተለያየ መጠን የሚቀላቀሉበት ነዳጅ ነው። ሦስቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ተራ የቃል ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አያያዛቸውም፣ አደጋቸውም፣ ጥቅማቸውም የተለያየ በመሆኑ መለየቱ ግድ ነው።

ሚቴን ለጣና ዳርቻ እንግዳ አይደለም። ደንገል በበቀለበት ረግረግ ታንኳ ሲያልፍና ጭቃው በመቅዘፊያ ሲነካ ወደ ላይ እየፈሉ የሚወጡት አረፋዎች በአብዛኛው ሚቴን ናቸው፤ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ከሚበሰብስ ቅጠልና ሥር የሚፈጠሩ ናቸው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ሚቴንን ለይቶ ያጠናው እንዲሁ በሐይቅ ዳር፣ ከማጆሬ ሐይቅ ረግረግ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ ነው። ከምድር ጥልቀት የሚቀዳው ጋዝም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተቀበረ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ፣ ጋዝ በማያሳልፍ ዐለት ሥር ታምቆ የቆየ ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ለቤት የሚቀርበው ጋዝ የሚሸተው፣ ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ መርካፕታን የሚባል የሰልፈር ውሕድ ስለሚጨመርበት ነው። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮትና በጣሪያ ክፍተት ይበተናል። ቡታጋዝ ግን ከአየር አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈሳል፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ይጠራቀማል። በሐይቁ ዳር ዓሣ በሚጠበስባቸው ቤቶች ማዕድ ቤት የገባ ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ በዓይኑ ያየዋል። ሲሊንደሩ ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ ይቆማል፤ አናቱ ላይ የተገጠመው ሬጉሌተር ግፊቱን ያበርዳል፤ የጎማ ቱቦው የጥብስ ዘይት ጠጥቶ ወዝቷል፤ ከጎኑ ቀረሶው በፈላ ዘይት ውስጥ ይንጫጫል። ልምድ ያላት ጠባሽ አዲስ ሲሊንደር ባስገጠመች ቁጥር በሳሙና ውሃ የተነከረ ስፖንጅ መገጣጠሚያው ላይ ታሳልፋለች፤ አረፋ ከነፋ ጋዙ እያፈተለከ ነው። ይህን ለማወቅ ክብሪት መጫር ራስን ለእሳት መስጠት ነው። ሽታ ሲመጣም ሲሊንደሩን መዝጋት፣ በሩን ወለል አድርጎ መክፈትና የመብራት ማብሪያውን፣ ለማጥፋትም ቢሆን፣ አለመንካት ያስፈልጋል፤ ከማብሪያው የምትወጣው ትንሽ ብልጭታ ለተጠራቀመ ጋዝ ትበቃለችና።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዳርቻው ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ባቄላና ሽምብራ በቆላ ከሚወስዱት ጊዜ በላይ እሳት ላይ ይቆያሉ። አየሩም ስስ በመሆኑ ምድጃው ለዚያው ነበልባል ተጨማሪ አየር መሳብ አለበት፤ የአየር መግቢያ ቀዳዳው በቅባት ሲደፈን ነበልባሉ ከሰማያዊነት ወደ ቢጫነት ይዞራል፣ ድስቱ ጥላሸት ይይዛል፣ ነዳጁም ሳይቃጠል ይባክናል። ቀዳዳውን በመርፌ መጥረግ የብዙ ቤት ወጪ ይቀንሳል።

ጋዝ ወጥ ለመሥራት፣ ሻይ ለማፍላትና ለጥብስ ብርቱ ነው፤ እንጀራ ላይ ግን ይቸገራል። ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ እኩል መጋል ይፈልጋል፤ ለዚህ የተሠራ ሰፊ ማቃጠያ ከሌለ መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይቀራል። እንጀራን በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር የከተማው ልማድ የሆነውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ያም ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ መብራት በጠፋ ቀን ቤቱ ወደ እንጨትና ወደ ኩበት ይመለሳል። እንጨቱ ከዘጌ በኩል በታንኳ ሳይቀር ይመጣል፤ ከሰሉ ከአዊ ዞን፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለዚሁ ብለው ከሚተክሉት ግራር ይከሰላል። ተክለው የሚያከስሉ ገበሬዎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ ጭሱን የሚውጡት ግን በየቤቱ ያሉ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የምድጃ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። በጋዝ የሚደረገው የማብሰያ ለውጥ በቅድሚያ መታየት ያለበት በዚህ በኩል ይመስለኛል።

በሌሎች አገሮች ጋዙ ከተማ የሚደርሰው በቧንቧ ነው። በካይሮ ለምሳሌ እጅግ ብዙ ቤቶች ምድጃቸውንና የውሃ ማሞቂያቸውን ከመንገድ ሥር ከሚመጣ መስመር ጋር አገናኝተዋል። ቧንቧ በማይደርስበት ሁለት መንገድ አለ፦ ጋዙን ከ200 ባር በላይ በሆነ (ከተለመደው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ በሚደርስ) ግፊት ጨምቆ በጋን መያዝ፣ ወይም እስከ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ። ፈሳሹ ጋዝ በነበረ ጊዜ ይይዝ ከነበረው ቦታ 600ኛውን ክፍል ያህል ብቻ ስለሚይዝ በመርከብና በልዩ ቦቴ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የተጨመቀው በተለይ ለተሽከርካሪ ይውላል፤ በታንዛኒያ ባጃጆች ሳይቀሩ በዚህ ይሠራሉ።

በዓለም ደረጃ ከፍተኛውን የተፈጥሮ ጋዝ ከሚጠቀሙት ዘርፎች አንዱ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ጋዙ ተርባይን ውስጥ ተቃጥሎ ጀነሬተር ያዞራል፤ ከዚያ የሚወጣው ትኩስ አየርም ውሃ አፍልቶ ሁለተኛ ተርባይን በእንፋሎት ያንቀሳቅሳል። እንዲህ በጥምር የሚሠራ ዘመናዊ ጣቢያ ከነዳጁ ሙቀት 60 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጥ፣ የሚለቀውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋይ ከሰል ጣቢያ ግማሽ ያህል ነው። ይህ አጠቃቀም ግን ለጣና ዳርቻ የሚያስፈልግ አይመስልም። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ላይ 11.4 ሜጋ ዋት ማመንጨት ከጀመረ ወዲህ አካባቢው የውሃ ኃይል አገር ነው፤ በቁንዝላ በኩል ከሐይቁ በዋሻ ውሃ የሚወስደው ጣና በለስ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። መብራት ሲቆራረጥ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በመስመሩና በትራንስፎርመሩ እንጂ በማመንጫው አይደለም።

በፋብሪካ የጋዝ ዋና ሥራ ሙቀት ነው። ብርጭቆ፣ ሴራሚክ፣ ጡብ፣ ብረትና ዳቦ የሚያመርቱ ሁሉ ይፈልጉታል፤ ነበልባሉ ንጹሕ ስለሆነና ሙቀቱን በቫልቭ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ነው። ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለተቋቋመባት ለባሕር ዳር ከተማ ይህን በጨርቅ ማስረዳት ይቀላል። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ከሽመና በኋላ ጨርቁ በፍጥነት እየሮጠ በጋዝ ነበልባል አናት ላይ ያልፋል፤ ነበልባሉ ገጹ ላይ የቆመውን ጸጉራም ክር ልሶ ያነሣና ጨርቁን ሳይነካ ይለሰልሰዋል። ማቅለሚያውና ማድረቂያውም የማያቋርጥ እንፋሎትና ትኩስ አየር ይሻሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ጣና ዳርቻ የሚመጣው በቧንቧም በሲሊንደርም ሳይሆን በማዳበሪያ ጆንያ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ፣ ለአካባቢው ሕይወት ግን እጅግ የቀረበ ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ዩሪያ ነጭ ቅንጣት ሆኖ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሚቴን ነበር። ሚቴኑ ከጋለ እንፋሎት ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ ሃይድሮጅኑ ከአየር ከተወሰደ ናይትሮጅን ጋር በከፍተኛ ግፊትና በብረት አነቃቂ ታግዞ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው በመጨረሻ ከዚያው ሂደት ከወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ዩሪያ ይወጣል። መንገዱን በቤተ ሙከራ ያሳየው ፍሪትዝ ሃበር፣ ወደ ፋብሪካ ያወጣው ካርል ቦሽ ሲሆን የመጀመሪያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ ጀምሯል። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው የሚመገበው እህል በዚህ መንገድ በተገኘ ናይትሮጅን የበቀለ ነው።

አንድ 50 ኪሎ ዩሪያ ለማምረት ጥሬ ዕቃውንና ነዳጁን ጨምሮ 30 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ የተፈጥሮ ጋዝ ይፈጃል፤ በሙቀት ሲሰላ ይህ 12 ኪሎ ከሚይዙ ሁለት የቡታጋዝ ሲሊንደሮች ጋር ይቀራረባል። መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከሥሩ የሚያደርጋት እፍኝ፣ በሐይቁ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ላይ የሚዘራው ነጭ ቅንጣት፣ ሁለቱም ሩቅ አገር ከመሬት የተቀዳ ጋዝ ናቸው። ዩሪያ በደረቅ መሬት ላይ ሳይሸፈን ከቀረ ናይትሮጅኑ ተመልሶ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ለዚህ ነው ባለሙያዎች እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩት እያሉ የሚመክሩት። ኢትዮጵያ ዩሪያን በሙሉ ከውጭ ስለምታስገባ የጋዝ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር የመራዊና የወረታ ገበሬ የማዳበሪያ ዋጋ አብሮ ይንራል። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሆነው ይኸው ነበር።

አገሪቱ የራሷ ጋዝ ስላላት ጉዳዩ እዚህ አያበቃም። በኦጋዴን የካሉብና የሂላላ ክምችቶች የተገኙት ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባካሄደው ቁፋሮ በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ከቆዩ በኋላ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በካሉብ የመጀመሪያው የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ ምዕራፍ ተመርቋል፤ አቅሙም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው። በዚያው ጊዜ በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ለባሕር ዳርና ለጎጃም ገበሬ ትልቁ ተስፋ ያለው በዚህ ፋብሪካ ላይ ነው፤ ፈሳሽ ጋዝ ከኦጋዴን እስከ ጣና በቦቴ ማመላለስ ውድ ሲሆን፣ ዩሪያ ግን በማንኛውም የጭነት መኪና ይደርሳል።

ከምድር የሚወጣውን ጋዝ የሚጠብቅ ሁሉ በደጁ ያለውንም ማየት ይችላል። ከእበትና ከዕፅዋት ብስባሽ የሚገኘው ባዮጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሚቴን ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የከበበ ማብላያ፣ ማለትም እበቱ አየር ሳያገኝ የሚብላላበት ጉድጓድ፣ አስተዋውቋል። አራት ያህል ከብት ያለው ቤተሰብ በየቀኑ 40 ኪሎ ገደማ እበት ከዚያው ያህል ውሃ ጋር በእጅ አቡክቶ ሲጨምርበት፣ አንድ ማቃጠያ ለአራት ሰዓት ያህል የሚያነድ ጋዝ ያገኛል። ማብላያው ሙቀት ይወዳል፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ፈጣን ይሆን ነበር፣ በባሕር ዳር አየር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ውሃው ሩቅ የሆነበት ቤት ብዙ ሳይቆይ ይተወዋል፤ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

በሐይቁ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የተንሰራፋው እምቦጭም ለባዮጋዝ እንዲውል ሐሳብ ይቀርባል። ከክብደቱ 90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ከአንድ ቶን እምቦጭ የሚገኘው ጋዝ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አረሙን ሐይቁ ላይ ለማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ተነቅሎ ዳር የተከመረው ግን ዝም ብሎ ቢተው በስብሶ ሚቴኑን ለአየር ይለቃል፤ ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት የሚያምቅ ጋዝ ነው። ተከትፎ ከእበት ጋር ማብላያ ውስጥ ቢገባ ያው ሚቴን ድስት ያሞቃል። ከማብላያው ሌላኛ ጫፍ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭም ናይትሮጅኑን ይዞ ስለሚወጣ፣ በጓሮ በቆሎና ሽንኩርት ሥር ሲፈስስ ከዩሪያው የተወሰነውን ይተካል።